ዘይቱ ከዘሩ አልጎደለም

ላፍቶ ውስጥ ዘይት የሚገዛ ሰው ከዋጋው ቀጥሎ የሚያነሳው ጥያቄ የታወቀ ነው፤ ይረጋል ወይስ አይረጋም? ባለሱቁም «ይኼኛው አይረጋም፣ እትዬ» ብሎ ጀሪካኑን ዘንበል አድርጎ ያሳያል። የሚረጋው ከኢንዶኔዥያና ከማሌዥያ የሚመጣው የፓልም ዘይት ነው። በ2014 ዓ.ም. የዩክሬን ጦርነት የሱፍ አበባ ዘይትን ባስወደደ ማግሥት፣ ኢንዶኔዥያ ከሚያዝያ 20 እስከ ግንቦት 15 ድረስ የፓልም ዘይቷን ወደ ውጭ እንዳይወጣ አገደች። ከዚያ ወዲህ የዘይት ወሬ በተነሳ ቁጥር መዳረሻው «እኛ አገር ምን ጠፍቶ?» ነው። ኑግ አለ፣ ሰሊጥ አለ፣ ጥጥም አለ። ጨዋታው ጥጥ ላይ ሲደርስ ደግሞ አንድ ሰው አይታጣም፦ «ተመራማሪዎቻችን ዘይት የሚበዛበት የጥጥ ዘር ለምን አያወጡልንም?»

ጥያቄው ቅን ነው፤ መነሻው ግን የተሳሳተ ነው። የጎደለው ነገር ዘሩ ውስጥ ያለው ዘይት እንደሆነ አስቀድሞ ወስኗል። እኔ የምለው ሌላ ነው። አሁን የምንዘራው ጥጥ ፍሬው ውስጥ በቂ ዘይት ይዟል። ያንን ዘይት የምናጣው በመጭመቂያው፣ በመጋዘኑና ከሁሉ በላይ ፍሬውን በሚዛን ብቻ በሚገዛው ገበያ ነው። የዘረመል ሥራው ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም፤ ቦታው ሁለተኛ ነው። ለእኛ የሚጠቅመው ዘረመልም ብዙ ሰው የሚያስበው አይደለም።

ከአንድ ኩንታል ጥጥ

አንድ ኩንታል ያልተዳመጠ ጥጥ መዳመጫ ገባ እንበል። በጥሩ ዝርያ ከ38 እስከ 40 ኪሎ የሚሆነው ነጭ ጥጥ ሆኖ ይወጣል፤ ብናኝና ቆሻሻውን ትተን 60 ኪሎ ያህል ፍሬ ይቀራል። ስለ ጥጥ ስናወራ የምናወራው ስለ ነጩ ስለሆነ ይህን ልብ የሚለው ጥቂት ነው፤ ጥጥ አምራች በሚዛን ሲታይ ፍሬ አምራች ነው። የጥጥ ፍሬ ከነቅርፊቱ ሲለካ በአብዛኛው ከመቶ 17 እስከ 24 እጅ ዘይት አለው። መካከለኛውን ትተን ዝቅ ያለውን፣ 18 በመቶን ብንወስድ እንኳ 60 ኪሎው ውስጥ 10.8 ኪሎ ዘይት አለ።

ፍሬው ሳይፈለፈል በተራ መጭመቂያ ቢያልፍና ፋጉሎው ውስጥ 7 በመቶ ዘይት ቢቀር፣ ከ10.8ቱ ኪሎ 3.7 የሚሆነው ከፋጉሎው ጋር ወደ ከብት በረት ይሄዳል። የላፍቶና የአካባቢዋ ላም አርቢዎች በጆንያ የሚገዙት ፋጉሎ ዘይት ያለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ላሚቱ አትጠላውም፣ ብክነቱ ግን ብክነት ነው። ዘይቱን በኬሚካል አሟሙቶ የሚያወጣ ፋብሪካ ይህን ቅሪት ወደ 1 በመቶ ገደማ ያወርደዋል። ያኔ ከዚያው 60 ኪሎ ፍሬ ከ3 ኪሎ በላይ ተጨማሪ ዘይት ይገኛል። አሁን ወደ ዝርያ አዳቃዩ ተመራማሪ እንመለስ። ለዓመታት ደክሞ የዘይቱን መጠን ከ18 ወደ 20 በመቶ ቢያሳድግ (ይህም ለአንድ ዝርያ ትልቅ ስኬት ነው) ትርፉ 1.2 ኪሎ ነው። ማሽኑ ከ3 ኪሎ በላይ፣ ዘረመሉ 1.2 ኪሎ።

ሒሳቡ ለዘረመሉ ጨካኝ ሆኖበታል፤ ስለዚህ ሌላውንም ወገን ልናገር። ማሽኑ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፣ መለዋወጫ ይፈልጋል፣ ማሟሟያው እሳት የሚወድ ነገር ስለሆነ ጥንቃቄው ከባድ ነው። የተሻለ ዘር ግን አንዴ ከወጣ በየዓመቱ ያለ ተጨማሪ ወጪ ዘይቱን ይዞ ይበቅላል። 1.2 ኪሎው ትንሽ ቢመስልም መሬት አይጠይቅም፣ ውኃ አይጠይቅም። ይህ ክርክር እውነት አለው፤ ግን የሚሠራው ፍሬው መጭመቂያ ድረስ በሰላም ከደረሰ ነው። እርጥብ ሆኖ የተከመረ የጥጥ ፍሬ ውስጥ ዘይቱ እየፈረሰ አሲድ ይሆናል፤ አሲዱ በማጣሪያው ላይ ሲወገድ ዘይትም አብሮ ይዞ ይሄዳል። በክምር ውስጥ የሚጠፋውን ማንም አዳቃይ አይመልሰውም።

ብዙ ዘረመል፣ ብዙ ባለቤት

የዘይት መጠን እንደ አበባ ቀለም በአንድ ዘረመል የሚወሰን ባሕርይ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ ነበር። በዓለም ላይ በብዛት የሚዘራው፣ በእኛም አገር በአዋሽ ሸለቆ፣ በመተማ፣ በሑመራና በአርባ ምንጭ የሚታወቀው ጥጥ 52 ክሮሞዞም አለው። ይህም የሁለት የዘር ሐረጎች ድምር ነው፤ ግማሹ ከአፍሪካና ከእስያ ጥጦች ወገን፣ ግማሹ ከአሜሪካ የዱር ጥጦች ወገን የመጣ ሲሆን፣ የተገናኙትም የሰው ልጅ ሳይኖር ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። የሚፈተለው ክር የመጣው ከእኛው ወገን መሆኑን ሸማኔዎቻችን ቢሰሙ የሚገርማቸው አይመስለኝም። ዘር አጥኚውን የሚያስቸግረው ግን ድርብነቱ ነው። አብዛኛው ዘረመል ሁለት ሁለት ቅጂ ስላለው፣ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ሥራውን ይሠራለትና ለውጡ ሳይታይ ይቀራል። ሙሉ የዘረመል ካርታው የተነበበው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ ከዚያ ወዲህ በዘይት መጠን ላይ ድርሻ ያላቸው በርካታ ቦታዎች በብዙ ክሮሞዞሞች ላይ ተገኝተዋል። አብዛኞቹ የእያንዳንዳቸው ድርሻ ትንሽ ነው።

ሁለተኛው ውስብስብነት ደግሞ የባለቤትነት ነው። የጥጥ ፍሬ ቅርፊቱ የእናቲቱ ተክል አካል ነው፤ ዘይቱ ያለበት ውስጠኛው ፍሬ ግን ልጅ ነው፣ የአባትም ዘረመል አለው። ስኳሩን የምትመግበው እናት ናት፤ ስኳሩን ወደ ዘይት የሚለውጠው የልጁ ዘረመል ነው። ስለዚህ አንድ ፍሬ ብዙ ዘይት ስለያዘ ብቻ መርጦ መዝራት አያስተማምንም፤ ምናልባት ያ ፍሬ የተመቸችው እናት ብቻ ይሆናል። በ2010 ዓ.ም. በአገራችን ለገበያ የተፈቀዱት ሁለቱ የሕንድ ድቅል ጥጦች፣ ጄኬሲኤች 1947 እና ጄኬሲኤች 1050፣ ነገሩን ይበልጥ ያወሳስቡታል። ድቅል ዘር የተዘራበት ማሳ ላይ የሚለቀመው ፍሬ የድቅሉ ልጅ ስለሆነ፣ በአንድ ጓይ ውስጥ ያሉት ፍሬዎች እንኳ በዘረመል እርስ በርስ ይለያያሉ። ፋብሪካ የሚጨምቀው ያንን ድብልቅ ነው።

በነገራችን ላይ እነዚህ ሁለት ዝርያዎች «ዘረመላቸው የተለወጠ» በመባላቸው የተነሳው የዘይት ስጋት ከቦታው ውጭ ነው። የገባባቸው ባክቴሪያ ወለድ ዘረመል ዒላማው ጓይ ትል ነው፤ የዘይቱን መጠን እንዲጨምር ታስቦ የገባ አይደለም። የሚሠራውም ፕሮቲን ነው፣ ተጣርቶ በወጣ ዘይት ውስጥ ደግሞ ፕሮቲን ከሞላ ጎደል አይቀርም። ሰው ስለ ትሉና ስለ ዘር ዋጋው ቢከራከር ይገባኛል፤ ስለ መጥበሻው ባይሰጋ ይሻላል።

ከቅጠሉ ወደ ፍሬው የሚወርደው ስኳር እንደ መስኖ ውኃ ቦዩ ላይ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ቅርንጫፍ ወደ ዘይት፣ ሌላው ወደ ፕሮቲን ይሄዳል። የቻይና ተመራማሪዎች ወደ ፕሮቲኑ የሚመራውን አንድ ኤንዛይም በዘረመል ዘዴ ሲያዳክሙ የጥጥ ፍሬው ዘይት ጨምሯል። ይህ ግን ዘይቱ ሲጨምር ፕሮቲኑ ወደ መቀነስ እንደሚያዘነብል ያስታውሰናል። ዩሪያ ማዳበሪያ ያበዛ ገበሬም ሳያውቀው ይህንኑ ቦይ ወደ ፕሮቲኑ ያጋድለዋል። ፋጉሎ ገዢው ላም አርቢ ፕሮቲን ይፈልጋል፣ ዘይት አምራቹ ዘይት ይፈልጋል፤ ሁለቱ የሚሻሙት አንድ ፍሬ ነው።

ከመጠኑ ይልቅ ዓይነቱን መለወጥ ቀሎ ተገኝቷል። የሱቁ ጥያቄ፣ ይረጋል ወይስ አይረጋም የሚለው፣ የሰባ አሲዶች ጥያቄ ነው። በፓልም ዘይት ውስጥ የሚረጋው ፓልሚቲክ አሲድ ከመቶ 44 እጅ ያህል ነው፤ በጥጥ ዘይት ውስጥ ሩብ ገደማ ሲሆን፣ ከግማሽ በላይ የሆነው ደግሞ የማይረጋው ሊኖሌይክ አሲድ ነው። ስለዚህ የጥጥ ዘይት ፈሳሽ ነው፤ በአዲስ አበባ የኅዳር ሌሊት ግን ሊደፈርስ ይችላል። ሳይበላሽ መደፍረሱን የማያውቅ ሰው ተጭበረበርኩ ብሎ ይመልሰዋል፤ ፋብሪካዎች ቀድመው አቀዝቅዘው የሚረጋውን ክፍል የሚያጣሩት ለዚህ ነው። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 አንድ ዘረመል በፍሬው ውስጥ ብቻ ጸጥ እንዲል አድርገው፣ የወይራ ዘይት የሚታወቅበትን ኦሌይክ አሲድ ከመቶ 15 ገደማ ወደ 77 አካባቢ ማድረስ ችለዋል። አንድ ዘረመል ይህን ያህል ሠራ። በመጠኑ ላይ እንዲህ ያለ ዝላይ በአንድ ዘረመል አልተገኘም።

ትንሹ ወፍጮ የማይችለው ፍሬ

አሁን ለእኛ ይበልጥ ይጠቅማል ወዳልኩት ዘረመል ልሂድ። ኑግ በሰፈር መጭመቂያ ተጨምቆ በዚያው ቀን ወጥ ውስጥ ይገባል። ጥጥ እንዲህ አይሆንም። ጥጥ ራሱን ከትልና ከአይጥ የሚከላከልበት ጎሲፖል የሚባል ቢጫ መርዝ አለው፤ በቅጠሉም በፍሬውም ላይ በነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። ያልተጣራ የጥጥ ዘይት ይህን መርዝ ይዞ ይወጣል። በቻይናዋ ጂያንግሱ ክፍለ ሀገር ያልተጣራውን በልተው የነበሩ መንደሮች ልጅ መውለድ አቁመው ነበር፤ ምክንያቱ ሲታወቅ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጎሲፖልን ለወንዶች የወሊድ መከላከያ የማድረግ ትልቅ ሙከራ ተደረገ። የደም ፖታሲየም እያወረደ፣ አንዳንዱንም ወንድ ለዘለቄታው መካን እያደረገ ስላስቸገረ ተተወ።

ስለዚህ የጥጥ ዘይት ያለ ማጣሪያ ምግብ አይሆንም። ማጣሪያው በአልካሊ ይሠራል፤ ውጤቱም ንጹሕ ነው። አሜሪካኖች ከመቶ ዓመት በላይ የበሉት ዘይት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1911 ገበያ የወጣው ክሪስኮ የተሠራው ከጥጥ ዘይት ነበር። ግን ማጣሪያ ማለት ፋብሪካ ማለት ነው። ከአፋር ወይም ከመተማ የወጣ ፍሬ እዚያው አጠገብ በትንሽ መጭመቂያ ወደ ምግብ ዘይት ሊለወጥ ያልቻለው የዘይቱ መጠን ስላነሰ አይደለም፤ መርዙን የሚያወጣለት በአቅራቢያው ስለሌለ ነው። ፍሬው ረጅም መንገድ ይጓዛል፣ አብዛኛው ክብደቱ ቅርፊትና ፋጉሎ ሆኖ ሳለ ሙሉ የጭነት ዋጋ ይከፈልበታል።

መርዙን በዘረመል ማስወገድ ይቻላል፤ ደግሞም ከዘይት መጠን በተለየ ጥቂት ዘረመል ነው የሚፈልገው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የአሜሪካ አዳቃዮች ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ ከሆኑት ከሆፒዎች ጥጥ ተነስተው፣ ሁለት ዘረመሎች ሲበላሹ ነጠብጣቡ ከተክሉ ሁሉ እንደሚጠፋ አሳዩ። ያለ ባዕድ ዘረመል፣ በተራ ማዳቀል የተገኘ ነው። አይቮሪኮስትን ጨምሮ በምዕራብ አፍሪካ ተዘርቷል። ችግሩ ተክሉ ትጥቁን ፈትቶ መገኘቱ ነው፤ ድሮ ጥጥን የማይነኩ ተባዮችም አይጦችም ወረዱበት። በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ የኪርቲ ራቶር ቡድን መፍትሔ አገኘ፤ መርዙ ከፍሬው ብቻ እንዲጠፋ፣ ቅጠሉና ግንዱ ግን ትጥቃቸውን እንዲይዙ አደረገ። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018፣ የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ ደግሞ በጥቅምት 2019 ፈቀዱት።

ይህን ዘር ነገ ብናስገባ ይሻላል የሚል ክርክር ሰምቻለሁ። ዶሮ አርቢው የፋጉሎውን መርዝ ሳይፈራ ይቀልባል፤ አሁን የጥጥ ፋጉሎ የሚስማማው ጨጓራዋ የዳበረ ላም ናት፣ ለጥጃና ለዶሮ አይሆንም። ትንሹ መጭመቂያም ዘይቱን ያለ ማጣሪያ ሊሸጠው ይችላል። ክርክሩ ያምራል፤ ግን አንድ ነገር ዘንግቷል። መርዝ የሌለው ፍሬ መርዝ ካለው ጋር መዳመጫ ላይ ከተቀላቀለ ጥቅሙ በሙሉ ጠፋ፤ እንዲያውም አደጋው ከፋ፣ ሰው ንጹሕ ነው ብሎ ያልተጣራውን ይበላልና። በዓይን አይለይም ማለት ባይቻልም፣ ነጠብጣቡን ለማየት እያንዳንዱን ፍሬ መሰንጠቅ ያስፈልጋል። ዘሩን ከማሳ እስከ መዳመጫ፣ ከመዳመጫ እስከ መጭመቂያ ለይቶ የሚይዝ ሥርዓት ሳይኖር ይህን ዘር ማስገባት ይቅርብን። በዚህ ጉዳይ ዘረመሉ ከተቋሙ ቀድሞ ደርሷል።

«ጥጥ ለልብስ ነው»

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የጥጥ ሰዎች ራሳቸው የሚያነሱት ነው። በአፋር የሚገኘው የወረር ግብርና ምርምር ማዕከል ዝርያ ሲያወዳድር የሚመለከተው የማሳውን ምርት፣ ከመዳመጥ በኋላ የሚወጣውን የነጭ ጥጥ ድርሻ፣ የክሩን ርዝመት፣ ጥንካሬና ቅጥነት ነው። አካላ ኤስጄ-2 እና ዴልታፓይን-90 በዚህ መለኪያ ነው ስም ያተረፉት። ጥጥ አምራቹም ፋብሪካውም የሚከፍሉት ለነጩ ነው፤ ዘይት ፍለጋ ነጩ ከቀነሰ ማን ይጠቀማል? በዚያ ላይ የጥጥ መሬት ራሱ እየጠበበ ነው። በ1950ዎቹ በሚቸል ኮትስ ኩባንያ የተጀመረው የተንዳሆ ጥጥ እርሻ ለሸንኮራ አገዳ ለቋል፤ በመካከለኛው አዋሽ ደግሞ የበጋ ስንዴ ተፎካካሪ ሆኗል። በዚህ ጊዜ አዳቃዩን በሌላ ሥራ መጥመድ ቅንጦት ነው ይላሉ።

የተቃውሞው ግማሽ ትክክል ነው። ነጭ ጥጡ የሚበዛበት ዝርያ ፍሬው ወደ ማነስ ያዘነብላል፤ በአሜሪካም ለነጩ ብቻ ሲመረጥ በኖረበት ዘመን ከአንድ ኪሎ ነጭ ጥጥ ጋር የሚወጣው ፍሬ ቀንሷል። ሁለቱን እኩል ዓላማ አድርጎ ማዳቀል አቅሙ ውስን ለሆነው ማዕከላችን ሸክም ይሆናል። የሳቱት ግን መለካትና ማዳቀል ሁለት መሆናቸውን ነው። ሁለት ዝርያዎች በነጭ ጥጣቸው ተቀራራቢ ሆነው ሲገኙ፣ አንዱ 17 ሌላው 21 በመቶ ዘይት ካለው ሁለተኛውን መምረጥ ምንም አያስከፍልም። ካልተለካ ግን ምርጫው በጭፍን ይሆናል። መሬቱ መጥበቡም ለእኔ ተቃራኒውን ነው የሚናገረው፤ ከቀረው ሄክታር ነጩንም ፍሬውንም አሟጦ መጠቀም ያስፈልጋል።

ኑግና ሰሊጥ እያሉ ለምን በጥጥ እንደክማለን የሚሉም አሉ። ሰሊጥ ግማሽ ክብደቱ ዘይት ነው፤ ጥጥ ከሱ ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን ሰሊጡን ወደ ውጭ ልከን ዶላር እናመጣበታለን፣ ለኑጉም መሬት እንመድባለን። የጥጥ ፍሬ ግን ለነጩ ሲባል አስቀድሞ ተዘርቷል፣ ተኮትኩቷል፣ ተለቅሟል። በ2013 ዓ.ም. ቡሬ ላይ የተመረቀው ፊቤላና የደብረ ማርቆሱ ደብሊው ኤ የዘይት ፋብሪካዎች ዘር የሚርባቸው ግዙፍ ሆነው ተሠርተዋል፤ መተማና ቋራ ደግሞ እዚያው አማራ ክልል ውስጥ ናቸው።

እንግዲህ ከማን ይጀመር? እኔ የምጀምረው ከዋጋው ነው። በአሜሪካ የጥጥ ፍሬ ንግድ ውስጥ የአንድ ጭነት ዋጋ የሚወጣው በቀመር ነው፤ የዘይቱ መቶኛ በ4፣ የአሞኒያው መቶኛ፣ ማለትም የፕሮቲኑ ምልክት፣ በ6 ተባዝቶ 5 ይጨመርበታል። ከዚያ እርጥበቱ፣ ቆሻሻውና አሲዱ ታይቶ ይቀነሳል። ሻጩ ለምን ደረቅ ፍሬ እንደሚያስፈልግ ማንም ሊመክረው አይገባም፤ ሂሳቡ ይነግረዋል። እኛ ዘንድ ይህ በአንድ ቀን አይመጣም። ያልተዳመጠ ጥጥ የሸጠ ገበሬ ፍሬውንም አብሮ ስለሸጠ፣ በመጀመሪያ የሚጠቀመው ባለ መዳመጫው ነው፤ ለገበሬው እስኪደርስ ፉክክር ይፈልጋል። ይህን ጉድለት እቀበላለሁ። ቢሆንም ክምሩን ከዝናብ የሚያወጣው ባለ መዳመጫው ስለሆነ፣ ትርፉ መጀመሪያ ለእሱ መድረሱ ከጉዳቱ ጥቅሙ ያመዝናል።

ምርምሩን በተመለከተ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል የኑግና የጎመን ዘርን የዘይት መጠን ሲለካ የኖረ ነው፤ ከአዲስ አበባም ሩቅ አይደለም። ወረር በየዓመቱ ከሚያወዳድራቸው ዝርያዎች ከእያንዳንዱ ጥቂት መቶ ግራም የደረቀ ፍሬ በከረጢት ወደዚያ ቢልክ፣ ከሁለትና ከሦስት የምርት ዘመን በኋላ የትኛው ዝርያ በየትኛው ሸለቆ ስንት ዘይት እንደሚይዝ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ይኖረናል። ፍሬው ከዚያው ከውድድር ማሳው ተዳምጦ የሚቀር ስለሆነ ለናሙናው የሚዘራ ተጨማሪ መሬት የለም።